«ብሞት ይሻለኛል» ላለ ወንድም፦ ጠበል፣ ሆስፒታል ወይስ ገመድ?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከቡሬ አካባቢ ነው። ታናሽ ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ከመጣ ጀምሮ ዝምታ አበዛ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደግሞ ብቻውን ያወራል፤ ጎረቤቶች በግድግዳው በኩል ይሰድቡኛል ይላል፤ እናቴ የምታቀርብለትን መርዝ አለበት ብሎ አይበላም። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ትናንት ማታ ‹ብሞት ይሻለኛል› አለኝ። አባቴ ታስሮ ጠበል ይግባ ይላል። አጎቴ መርፌ ከተወጋ ጭራሽ አይድንም ይላል። እኔ ሆስፒታል እላለሁ። ማን ነው ልክ? እኔስ ምን ልበለው?»

ምላሽ፦ የጠበልና የሆስፒታሉ ክርክር ይቆይ፤ ከዚያ በፊት ዛሬ ሳይመሽ የሚሠራ ሥራ አለ። ከጻፍሽው ሁሉ አስቸኳዩ «ብሞት ይሻለኛል» የሚለው ቃል ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ የሚሳደብ ድምፅና ሞትን መመኘት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አደጋው ከፍ ይላል። ቤታችሁ ጠመንጃ ካለ ዛሬውኑ ከነጥይቱ ከግቢው ወጥቶ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ቆጥ ላይ ማውጣት ወይም አልጋ ሥር መሸሸግ አይበቃም፤ ልጁ እዚያው ቤት ያደገ ነውና መደበቂያውን ሁሉ ያውቃል። ከጠመንጃው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ የእህል መድኃኒት ነው፤ ለበቆሎ ነቀዝ ተብሎ ጎተራ ውስጥ የሚጨመረው ኪኒን፣ ለአረምና ለተባይ የሚረጨው ኬሚካል። እነዚህንም አውጡ፣ ትርፍራፊውንና ባዶ የመሰለውን ጠርሙስ ሳይቀር። ገመድ፣ መጥረቢያና ማጭድም ከዓይኑ ይራቁ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ራስን የማጥፋት ግፊት አብዛኛውን ጊዜ በድንገት ገንፍሎ ይመጣል፤ ከደቂቃዎች ወይም ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ይረግባል። በዚያ መሀል እጁ የሚደርስበት ነገር ካላገኘ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እጅግ መርዛማ የሆኑትን ፀረ ተባዮች ከገበያ ካስወጣች በኋላ ራሱን የሚያጠፋው ሰው ቁጥር በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ የሰዉ ችግር ግን በግማሽ አልቀነሰም። ምናልባት ወንድምሽ አንዳች ነገር ውጦ ብታገኙት ደህና መምሰሉ አያዘናጋችሁ። እንዲያስታውክ አታድርጉት፣ ወተትም ሌላም ነገር አታጠጡት፤ መያዣውን ይዛችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ስለ ሞት ብጠይቀው ያልነበረ ሐሳብ አስገባበታለሁ ብለሽ ከፈራሽ ተሳስተሻል። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥረውም፤ ብቻውን የተሸከመውን ሰው ያሳርፈዋል። ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ፤ «ትናንት ብሞት ይሻለኛል ብለኸኛል። ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» በይው። አዎ ካለ «እንዴት ነው ያሰብከው? መቼ?» ብለሽ ቀጥዪ። «ኃጢአት አይደለም ወይ?» ወይም «እናትህን አታስብላትም?» የሚለው ከፍቅር የሚወጣ ቃል ነው፣ ይገባኛል፤ ለእሱ ግን ሸክም ላይ ሸክም ስለሚሆን ሁለተኛ አያወራሽም። ለማንም አልናገርም ብለሽም ቃል አትግቢለት። ዘዴውንና ጊዜውን ያሰበበት ከሆነ ለአፍታም ብቻውን አይሁን፤ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ አንድ ሰው በር ድረስ ይከተለው። ሕክምናውም ለነገ አይባልም።

ስለሚሰማው ድምፅ ስታወሩ ቤተሰብ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል። «ማንም አልሰደበህም፣ ዝም ብለህ ነው» ብሎ የሚሟገት አለ። ድምፁ ለወንድምሽ የእኔና የአንቺ ድምፅ እንደሚሰማው ሆኖ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ የሚክደውን ሰው ከጠላቶቹ ጋር ይደምረዋል። ሌላው ደግሞ ለማረጋጋት ብሎ «አዎ፣ እኔም ሰምቻለሁ፣ ሄጄ ገሥጫቸዋለሁ» ይላል፤ ይህ የፍርሃቱ ምስክር መሆን ነው። መካከለኛው መንገድ እንዲህ ነው፦ «እኔ አልሰማሁም። አንተ ግን እየሰማህ ስለሆነ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅህ ይገባኛል። ምን ይሉሃል?» መጨረሻ ላይ ያለችውን ጥያቄ አትተያት። የሚሰድብ ድምፅና «ውጣ፣ ዝለል፣ ምታው» ብሎ የሚያዝ ድምፅ እኩል አይደሉም። የሚያዝ ከሆነ፣ እሱም መታዘዝ ከጀመረ፣ ይህንን ለሐኪሙ ከሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ቤቱንም አሳርፉት። በሀገራችን ሰው ታመመ ሲባል ጎረቤት ይሞላል፣ እናት ታለቅሳለች፣ አንዱ ይመክራል፣ ሌላው ይቆጣል። ጎረቤት ይሰድበኛል ለሚል ልጅ ከዚህ የባሰ የለም። ጠያቂውን በትሕትና ከበር መልሱ፤ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እሱ የሚያምነው። ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ፣ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፤ በሩን አትዝጊበት፣ ለራስሽም መውጫ ይኑርሽ። እሱ እያለ መንሾካሾክ ፈጽሞ ይቅር። ቡናው እስኪሻለው ይቆም፤ ጠላና አረቄም አይቅመስ። «እንቅልፍ ይውሰደው» ተብሎ የሚሰጥ አረቄ እንቅልፉን ይበጣጥሰዋል፤ ከማስተኛ ኪኒን ጋር ከተገናኘ ደግሞ ትንፋሽ እስከማቆም ይደርሳል።

ምግብን በተመለከተ በጉርሻ አታስገድዱት። ራሱ የሚልጠው የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ራሱ የሚከፍተው የታሸገ ውኃ አቅርቡለት፤ ወይም ከአንድ ትሪ አብራችሁ ብሉና በየትኛው በኩል እንደሚበላ እሱ ይምረጥ። በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ልከልክል፤ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ በወጥ ወይም በሻይ ደብቃችሁ እንዳትሰጡት። አንድ ቀን ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ «መርዝ አለበት» ያለው ነገር እውነት ሆነለት ማለት ነው፤ ምግቡንም መድኃኒቱንም እናንተንም አንድ ላይ ይተዋል።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ። «ትምህርት በዝቶበት ነው» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ማንበብ ሰውን አያሳብድም። ይህ ዓይነቱ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ18 እስከ 25 ባለው ዕድሜ ስለሆነ ነው ከዩኒቨርሲቲ ጋር የሚገጣጠመው። በተፈጥሮ ተጋላጭነት ባለው ልጅ ላይ ግን ሌሊት ሳይተኙ ማደር፣ ጫትና በተለይ ሐሺሽ ሊያስነሱት ይችላሉ። ሳትቆጪ ጠይቂው፤ ከደበቀሽ ጓደኞቹን ጠይቂ። እስካሁን በጻፍሽው ብቻ የሕመሙን ስም መስጠት አይቻልም። ስኪዞፍሬኒያም (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ጥርጣሬ የሚያመጣ ሕመም)፣ ባይፖላርም (ስሜት አንዴ እጅግ ከፍ፣ አንዴ እጅግ ዝቅ የሚልበት ሕመም)፣ ከባድ ድብርትም፣ የተቃመ ወይም የተጨሰ ነገር ያመጣው ቀውስም አጀማመሩ እንዲህ ሊመስል ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እርዳታ ግን ለሁሉም ተቀራራቢ ነው።

የአእምሮ ሕመም መስሎ የሚመጣ የአካል ሕመም ግን አለ፤ እዚህ ላይ ነው ሰዓት ያለፈበት ሰው የሚሞተው። ግንባሩን ዳሺው። ትኩሳት ካለው፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ከወደቀ ወይም ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ቀኑንና ያለበትን ቦታ ከሳተ፣ አንዴ ነቅቶ አንዴ ከደነዘዘ፣ ጠበልም ቀጠሮም አይጠበቅም። ዩኒቨርሲቲው ቆላ ከነበረ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ከመጣ ወባ ጭንቅላት ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የደም ምርመራው ጤና ጣቢያ ይሠራል። ማጅራት ገትርና ታይፈስም እንዲሁ ያስቀባጥራሉ። ብዙ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ካቆመም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ አልፎ ተርፎም ያንፈራግጠዋል።

በእኛ አካባቢ ልዩ ጥያቄ የሚገባው ሌላም ነገር አለ። ተማሪ ስለሆነ፣ ትምህርት እንዲገባው ተብሎ አብሾ ወይም ሌላ ቅጠላ ቅጠል ጠጥቶ እንደሆነ አጣሩ። አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ፣ የገባበት ነገር ከሆነ ምልክቱ ይለያል፦ የዓይን ብሌን በጣም ይሰፋል፣ አፍ ይደርቃል፣ ቆዳ ቀልቶ ይግላል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ሽንት ይያዛል፣ ሰውየው ከአየር ላይ ነገር ይለቅማል። ይህ መመረዝ ነው፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሄዳል። ለሐኪሙም መናገር ግድ ነው፤ ለእብደት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ክሎርፕሮማዚን ይህን መመረዝ ያባብሰዋል።

አባትሽ «ይታሰር» ማለቱ ከጭካኔ ሳይሆን ከጭንቀት ነው፤ ልጁ ሌሊት ወጥቶ መንገድ ላይ እንዳይመታ ይፈራል፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ቢሆንም ገመድና ሰንሰለት መፍትሔ አይሆኑም። የእጅና የእግር አንጓ ላይ ለሰዓታት የጠበቀ ገመድ ነርቭ ይጎዳል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ቴታነስ ያስገባል፤ ልጁም ሲሻለው ሁሉን ያስታውሳል። በሰንሰለት ፋንታ ሦስት ሰው ሌሊቱን ይካፈለው፤ አንዱ ነቅቶ ከበሩ አጠገብ ይደር፣ የግቢው በር ይቆለፍ። ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ተነሥቶ መያዝ ግድ ከሆነ የሚገድለውን ስሕተት እወቁ፤ በደረቱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ መቀመጥ ወይም በጉልበት መጫን። የተያዘው ሰው ከትግል የተነሣ ትንፋሽ አጥቶ ሳለ ደረቱ ከመሬት ጋር ሲጣበቅ ሳንባው አይነፋም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ያ ጸጥታ ደግሞ «ተረጋጋ» ይመስላል። በጎኑ ወይም በጀርባው ይተኛ፤ እጅና እግሩ ብቻ ይያዝ፤ አንገቱና ደረቱ ነፃ ይሁኑ፤ አንድ ሰው ፊቱን እያየ ያናግረው፤ ረገብ ሲል ወዲያው ይለቀቅ።

የት ትወስዱታላችሁ? በቀጥታ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ካልደረሰ አይታከምም የሚለው ድሮ የቀረ ሐሳብ ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ሕመም ሥልጠና የወሰዱ ጤና መኮንኖችና ነርሶች አሉ፤ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ። የደም ምርመራውን ይሠራሉ፣ የሚያረጋጋውን መድኃኒት ካላቸው ይጀምራሉ፣ ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፋሉ። የጤና መድን ደብተራችሁን ያዙ፤ ያለ ሪፈር ከፍ ወዳለ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ወጪው እናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታልና ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ከመነሣታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር በስልክ አረጋግጡ፦ መንገዱ ክፍት መሆኑንና ክፍሉ በዚያ ቀን መሥራቱን። አምቡላንስ በወረዳው በኩል ወይም በቀይ መስቀል 907 ሞክሩ፤ ካልተገኘ በኮንትራት መኪና መሀል ወንበር ላይ፣ በሁለት በሚያምናቸው ሰዎች መካከል ይቀመጥ። ያልተረጋጋ በሽተኛ ይዞ የዓባይን ቁልቁለት መውረድ ደግሞ ለሁላችሁም አደጋ ነው፤ አዲስ አበባ እንኳ የግድ ቢሆን መጀመሪያ በቅርብ ሆስፒታል ይረጋጋ።

ወዴት እንደምትሄዱ አትዋሹት። «ለሠርግ ነው» ተብሎ ሆስፒታል የገባ ልጅ ሁለተኛ መኪና አይገባም። እሱ አሞኛል ላይል ይችላል፤ እንቅልፍ ማጣቱን ግን አይክድም። «ሦስት ሌሊት አልተኛህም፣ ደክሞሃል፤ እንቅልፍህን የሚመልስልህ ሰው ጋር አብረን እንሂድ» ማለት ውሸት የለበትም፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። በወረቀት ላይም ጻፉ፦ ለውጡ መቼ ጀመረ፣ ስንት ሌሊት አልተኛም፣ ምን በላ፣ ምን ጠጣ፣ ምን ቃመ፣ ድምፁ ምን ይለዋል፣ ስለ ሞት ምን አለ፣ ከዘመድ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ። በግርግር መሀል ሐኪሙ ፊት ይህ ሁሉ ይጠፋችኋል።

አጎትሽ ስለ መርፌው ያለው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ የሚታይ ነገር አይቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም የሚወጋው ሃሎፔሪዶል የሚባል መድኃኒት በተሰጠ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ አንገት ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ምላስ ይወጣል። ያየ ሁሉ «መንፈሱ መርፌ አይወድም፣ ተቆጣ» ይላል፤ ብዙ ቤተሰብ መድኃኒቱን ጥሎ የሚሸሸው በዚህች ሰዓት ነው። ይህ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ የጡንቻ መኮማተር ነው። ወደ ጤና ተቋሙ ከተመለሰ ማፍታቻው ይወጋለታል፣ በአብዛኛው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ለወደፊቱ መጠኑ ይቀነሳል፣ መድኃኒቱ ይለወጣል ወይም ትራይሄክሲፌኒዲል የሚባል ኪኒን ይጨመርለታል። መጀመሪያ ከመሰጠቱ በፊት «አንገቱ ቢጠመዘዝ ምን እናድርግ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጉሮሮው ከተያዘና ትንፋሽ ካጠረው ግን ደቂቃ አታባክኑ። ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቆ ከፍተኛ ትኩሳት ከመጣበትና ንግግሩ ከተምታታ ደግሞ ቀጣዩን መድኃኒት ሳትሰጡት በፍጥነት ሆስፒታል ውሰዱት፤ ይህኛው ብርቅ ነው፣ ይገድላል ግን።

ከመድኃኒቱ ምን እንደሚጠበቅም ልክ ይኑረው። እንቅልፉና መቁነጥነጡ በቀናት ውስጥ ይሻሻላሉ። ድምፁና ጥርጣሬው ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳሉ፤ በሳምንቱ «አልሠራለትም» ብላችሁ አታቁሙት። ከዳነ በኋላም ቢያንስ 12 ወር ይቀጥላል። አብዛኛው የማገርሸት ታሪክ የሚጀምረው «ደህና ሆኗል፣ ምን ያደርግለታል» ከተባለባት ቀን ነው። ሱስ አያስይዝም። ከመጀመሪያው ሕመም ፈጽመው የሚያገግሙ፣ ትምህርታቸውንም የሚጨርሱ አሉ፤ ይህን ዕድል የሚወስነው አንዱ ነገር ሳይታከም የቆየበት ጊዜ ማጠሩ ነው።

ጠበሉን በተመለከተ፣ አንዱን ልምረጥ ማለታችሁ ራሱ ነው ጉዳቱ። ሁለቱ አይጣሉም። አባትሽን ከእምነቱ ጋር ካጣላሽው ልጁ ሌሊት ተጭኖ ሳታዪው ይወሰዳል፤ መድኃኒቱም እዚያ ይቋረጣል። ይልቅ የነፍስ አባታችሁን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ «ጠበሉንም ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ» የሚለው ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ከእኔ ምክር ይበልጣል። የታመመ ሰው ከጾም እንደሚፈታም እሳቸው ይንገሩት። ሐኪሙን ደግሞ መድኃኒቱ በቀን አንድ ጊዜ ማታ እንዲሆን ጠይቁት፤ ብዙዎቹ እንዲህ ሊሰጡ ስለሚችሉ የማለዳው ጥምቀት አይነካም። ክሎርፕሮማዚን ከሆነ የታዘዘለት ብድግ ሲል ያዞረዋል፣ ፀሐይም ቆዳውን ቶሎ ያቃጥለዋል፤ ባዶ ሆዱን ጠበል ሰልፍ ላይ ቆሞ አይዋል። በመቁጠሪያም በዱላም መመታት፣ መታሰር፣ ከቤተሰብ ተለይቶ እዚያው ማደር ካለበት ቦታ ግን አትውሰዱት።

ውሳኔዬን ለጠየቅሽኝ፣ ዛሬ ጠመንጃውና የነቀዝ መድኃኒቱ ከቤት ይውጡ፣ ሌሊቱ በተራ ይጠበቅ፣ ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ይድረስ። ትኩሳት፣ መምታታት ወይም የታሰበበት የሞት ዕቅድ ካለ ነገ አይጠበቅም። ጠበሉ መድኃኒቱ ተጀምሮ እንቅልፍ ካገኘ በኋላ ይሁን፣ አባትሽ ራሱ ይውሰደው፤ አንቺ መድኃኒቱን ያዢ።

መድኃኒቱን ስትይዢ መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን እንዳያልቅባችሁ የሁለት ወር ይሰጣችሁ እንደሆነ ጠይቂ፤ ከማለቁ አሥር ቀን ቀድመሽም ለመሙላት ተነሺ። ብዙ ኪኒን ቤት መኖሩ ራሱ አደጋ ስለሆነ ተቆልፎ በአንቺ እጅ ይቀመጥ፤ በየማታው የዕለቱን ብቻ እየሰጠሽ ሲውጥ እዪ። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ካልተኛ ወይም እንደገና ብቻውን ማውራት ከጀመረ የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በማግስቱ ይዛችሁት ሂዱ።